የጋሽ ጂብሪል አባት ቤት

አበሻ በከተመበት ሰፈር ሁሉ፣ አገር ቤት ጥሎት የመጣው ቤት በየዓመቱ የሚያድግለት አንድ ሰው አይጠፋም። በካርቱሙ አል-ሳሃፋ ሰፈር ያ ሰው ክቡር ጋሽ ጂብሪል ነው። ከወሎ የመጣ ሰሞን ሲያወራው የአባቱ የድንጋይ ቤት ምድር ቤትና ቆጥ ብቻ ነበረው። ካርቱም ላይ ጥቂት ረመዳን እንደጾመ እልፍኝ ተጨመረለት፤ ቆይቶ ሰገነት ወጣለት፤ ባለፈው ዒድ ደግሞ ባለ ግንብ በር ሆኖ አረፈው። "ሞቶ እንዲህ የሚገነባ አባት አይቼ አላውቅም" ትላለች ሚስቱ ፋጤ።

ፋጤ የዚያው መንደር ልጅ ናት፤ እሳት ልትጭር እየተላከች ቤቱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ቤት ነበር፤ ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ ከብት ከታች ሰው ከላይ። መስኮት ግን አልነበረውም። በዚያ ውርጭ ማን መስኮት ያወጣል?

ጋሽ ጂብሪል ሰው ቤት ሲጠራ ከሰላምታ በፊት ግድግዳ ያንኳኳል። ልብስ ሰፊው በየነ አዲሱን የጡብ ቤቱን ባስመረቀ ዕለት እንኳ አልማረውም።

"በየነ ወንድሜ፣ ይሄ ግድግዳ ነው ብስኩት? ሻይ አምጣልኝ፣ ነክሬ ልብላው።"

"ያንተስ የታለ፣ ጋሽ ጂብሪል?" አለ በየነ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ጂብሪል ግን ነገሩ ከነከነው።

ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ዘበኛ ሆኖ የሚሠራበት ወርክሾፕ አሮጌ መሠረቱን ሲያስፈርስ ድንጋዩን ለምኖ ወሰደ፤ በፒካፕ ድልድዩን አሻግሮ፣ ባልና ሚስት ስንት ዓመት ሲመኟት ኖረው ባገኟት ቁራሽ መሬት ላይ መካብ ጀመረ። ፋጤ ሳምንቱን በአሠሪዎቿ ቤት እያደረች ዐርብ ዐርብ ነው የምትመጣው። አንድ ዐርብ ግድግዳው አናቷን አልፎ ደረሰች። ዞራ ዞራ አየችው።

"ሹባኩስ? መስኮቱ የታለ?"

"የአባቴ ቤት መስኮት ነበረው?"

"የአባትህ ቤት ውርጭ ነበረው!"

"ቆይ፣ ሀቡብ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ታመሰግኚኛለሽ።"

"እንግዲያው አንተና ሀቡቡ ኑሩበት!" ድምፅዋ ተሰበረ። "ሳምንቱን ሙሉ የሰው ዕቃ ቤት ውስጥ ታፍኜ አድራለሁ። የራሴም ቤት ነፋስ ካልገባው፣ ወላሂ እኔም አልገባ!"

ነጠላዋን አንስታ ሄደች። ያኔ ሞባይል የባለጸጋ ነበርና ሳምንቱን ሙሉ ወሬ አልደረሳትም። ቂም ያዘ ይሆን? ጣሪያውን ደፍቶበት ይሆን?

በሚቀጥለው ዐርብ ልቧ እየፈራ መጣች። በሩ እንደዚያው ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብላ ገባች። በሰሜን በኩል ግን ግድግዳው ፈርሶ እንደገና ተክቧል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መስኮት ወጥቶለታል። የግድግዳው ውፍረት ራሱ መደብ ሆኗል። ተቀመጠችበት። ከአባይ በኩል የመጣው ነፋስ ሻሿን ገፈፈው። ፋጤ ብቻዋን በጠራራ ፀሐይ እልልታዋን አቀለጠችው።

ለምረቃው ሰፈሩ ሁሉ መጣ። በየነ ግድግዳውን አንኳኳና ጣቱን እያሸ፣ "ድንጋዩስ ድንጋይ ነው። ግን ጋሽ ጂብሪል፣ ይሄን የመሰለ መስኮት ከየት አመጣኸው?" አለው።

"ከየት አመጣለሁ? የአባቴ ቤት ልክ እንዲህ ያለ መስኮት ነበረው!" አለ ጋሽ ጂብሪል ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

እንግዳው ሁሉ ወደ አገሩ ልጅ፣ ወደ ፋጤ ዞረ። ጋሽ ጂብሪል ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ።

"ኧረ ሁለት ነው የነበረው" አለች ፋጤ፤ ባሏም አጠገቧ እንዲቀመጥ ጠጋ አለችለት።