የመጀመሪያዋ እምቢታ

ሰው ቤት ገብተን «ብሉ» ስንባል ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። ሆዳችን ሲጮህ ለጎረቤት እየተሰማም እንላለን። ጋባዧም ውሸታችንን ታውቀዋለች፤ «በሞቴ» ትላለች፣ እኛም አንዴ እንደግምላታለን፤ «አፈር ስሆን» ስትል ያኔ የተሸነፍን መስለን እጃችንን ለመታጠብ እንነሳለን። የመጀመሪያዋ እምቢታ መልስ አይደለችም፤ የጨዋ ልጅ መሆናችንን ማሳያ ናት። አሜሪካ ስገባ ኤርፖርት ላይ በርበሬና ሽሮዬን ዘርግፈው ሲፈትሹ ይቺን ግን ሳያዩብኝ አለፍኩ።

እኔ የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ልጄ ሜላት አራተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የትምህርት ቤቷ አማካሪ ኮል አደረገችልኝ። ሜላት ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፋለች፣ ለሚቀጥለው ዓመት ከፍተኛው የሒሳብ ክፍል ውስጥ ቦታ አለ፣ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ። ልቤ ልትወጣ ደረሰች። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ። «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ አናስቸግራችሁ፤ ያለችበትም ደህና ነው» አልኩና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «በሞቴ» እስክትለኝ መጠበቅ ጀመርኩ።

«ኦኬ፣ መልካም ቀን» ብላ ዘጋችው።

አትሳቁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬን ሽንት ቤት ድረስ ይዤ እየገባሁ ጠበቅኋት። ስትዘገይብኝ፣ አንድ ቀን የሥራ ሺፍቴን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ራሴ ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ነው። ከመንገዱ ወዲህ የእኛ አፓርትመንቶች፣ ከመንገዱ ወዲያ ሣር የሚታጨድላቸው ቤቶች አሉ፤ የሁላችንም ልጆች በአንድ በር ይገባሉ። ኮሪደሩ ላይ ግን ይለያያሉ። በከፍተኛው ሒሳብ ክፍል መስኮት አሻግሬ የእኛን ሰፈር ጠቆር ያለ ፊት ብፈልግ በመከራ ሁለት አገኘሁ። እዚያ የገባ ልጅ እስከ ኮሌጅ መንገዱ ይጠረግለታል፤ ያልገባ ደግሞ ሌሎቹ ሲሄዱ እያየ ይቀራል። ልጄ እንድትቀር ያደረግኋት እኔው ነኝ እያልኩ ወደ አማካሪዋ ቢሮ ገባሁ።

አማካሪዋ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ከሜላት ስም ፊት ለፊት «ወላጅ ፍላጎት የለውም» ይላል። እኔ ነኝ ፍላጎት የሌለኝ! የሰው ሽማግሌ ሳገላብጥ ወገቤ የተቆረጠው ለምን መሰላት? ደሜ ፈላ፤ ግን ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፣ የሰማችውን ነው የጻፈችው። ከስሩም ስሞች አሉ፣ ብዙዎቹ የእኛ ሕንፃ ልጆች ናቸው፣ ከሁሉም ፊት ያው ቃል ተጽፏል። ከመንገድ ወዲያ ያሉት እናቶች ልጃቸው ፈተናውን ቢወድቅ እንኳ ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ፣ እምቢ ሲባሉ ነገም ይመለሳሉ። እኛ እሺ እየተባልን እምቢ እንላለን። «ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፤ ተጠባባቂ ውስጥ ላስገባት» አለችኝና አስገባቻት።

ክረምቱ እንደዚያ እየተቃጠልኩ አለቀ። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ተጠራሁ። ቢሮው በር ላይ ማርታ ተቀምጣለች። ማርታ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት፤ ልጇ ሮሳ እና የእኔዋ ሜላት የቤት ሥራቸውን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አብረው ነው የሚሠሩት። እሷም ስትጠየቅ «ባሌን ላማክር» ብላ ኖሮ «ፍላጎት የለውም» ተብሎ ተጽፎባታል፤ ሮሳም ተጠባባቂ ውስጥ ናት።

አማካሪዋ ከቢሮዋ ወጣችና አናገረችኝ። «አንድ ልጅ ሰፈር ቀይሯል፣ አንድ ቦታ አለ። ሜላትና ሮሳ ውጤታቸው እኩል ነው። ሜላት ቀድማ ስለተመዘገበች መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅ፤ ትፈልጊያለሽ ወይስ ለሮሳ ልስጠው?»

ወደ ማርታ ዞርኩ። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። ከዚያ ፈገግ አለችና «ኖ፣ ኖ፣ ያንቺ ልጅ ትግባ። የእኔ ደህና ናት» አለችኝ።

አወቅኋት። ያቺን እምቢታ ከቃሏ እስከ ፈገግታዋ አወቅኋት። ዓይኖቿን እኔ ላይ ተክላ የምትጠብቀውንም አውቃለሁ። አንዴ «እንዴ ማርታ፣ በሞቴ» ብላት ምን ይመጣ እንደነበር ግን አላውቅም፣ ምክንያቱም አላልኳትም።

«የስ» አልኩ ለአማካሪዋ፤ ለማርታ ደግሞ «ኦኬ፣ ታንክ ዩ» አልኳት።

ፈርሜ ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከመንገድ ወዲያ ያሉትን አንድም ቀን ደፍሬ ሳልናገር፣ የነጠቅሁት ከእኔው ደረጃ ላይ መሆኑ አሳፈረኝ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስታው ይበልጥ ነበር።

በማግስቱ ማርታ በሬን አንኳኳች። ለሜላት እንኳን ደስ አለሽ ልትል፣ ትኩስ ፑፑሳ በሳህን ይዛ ነው የመጣችው፤ የእነሱ ቂጣ ነው፣ መሀሉ አይብ ያለበት። ዓይኗን ማየት አቅቶኝ «አይ፣ አሁን በላን» አልኳት። «ፕሊስ» አለችኝ። አሁንም እምቢ አልኩ። ሳህኑን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ እጄን በእጇ ይዛ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለመነችኝ።