አያ ደርበውና ሰባቱ ቤት

ቤተ ክርስቲያን የሌለው ቀበሌ ይኖር ይሆናል። ዘር ቆጣሪ ሽማግሌ የሌለው ቀበሌ ግን እግዜር አልፈጠረም። መንገድ ላይ አስቁመው «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» ይሉሃል። የአባትህን ስም ብትነግራቸው አይበቃቸውም። «እሱንማ አውቀዋለሁ፣ አያትህ ነው የጠፋኝ።» ትንሽ ቆይተው አንተ ሰምተሃቸው የማታውቃቸውን ቅድመ አያትህን፣ የቅድመ አያትህን በቅሎ፣ በቅሎዋ ገደል የገባችበትን ዓመት ሳይቀር አስረክበውህ ይሄዳሉ።

የላሊበላው ዘር ቆጣሪ ክቡር አያ ደርበው ናቸው። ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሁለቱ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ከተዛመዱ ጋብቻው ቀረ። ስለዚህ የሚድር ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ስንቱን ሠርግ አፍርሰዋል መሰላችሁ! አንዱን ምስኪን፣ የድግሱ ጠላ ከተጠመቀ በኋላ፣ «በአምስተኛ ቤት እኅትህ ናት፤ ጠላውን ለማኅበር አድርገው» ብለው አሰናብተውታል።

አንድ አመል ነበረባቸው፤ ተቀምጠው አይቆጥሩም። በርጩማ ሲቀርብላቸው «ዘር በእግር ነው የሚቆጠር» ይሉና ይነሳሉ። ጎረቤታቸው ግንበኛው ምናለ ይህን ስለሚያውቅ ጥያቄውን ሁሉ ለቅዳሜ ገበያ ያጠራቅም ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እሱ ይጠይቃል፣ እሳቸው በየእርምጃው አንድ አያት ይጥላሉ። ገበያ ሲደርሱ ምናለ የማያውቀው ሙት አይቀርም።

ኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እርምጃቸውም አጠረ። ምናለ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ሐኪሙ ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ ነው አለና፣ ከበር እስከ መስኮት እንዲሄዱ አዘዛቸው። ቀስ ብለው ደረሱ። «አሁን ደግሞ ከመቶ ላይ ሦስት ሦስት እየቀነሱ ይመለሱ።»

«ምነው ልጄ፣ እኔን እንደ ተማሪ? ይልቅ ያንተን ዘር ልቁጠርልህ። የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጀመሩ። የሐኪሙ ሦስተኛ አያት ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ምናለ ባይደግፋቸው ኖሮ በግንባራቸው ነበር።

«አዩ አባቴ» አለ ሐኪሙ፤ «እግርዎ ድሮ በራሱ ይሄድ ነበር። አሁን ሐሳብዎን ይፈልጋል። ሐሳብዎ ሌላ ነገር ከያዘ እግርዎ ይቆማል፣ እርስዎ ይወድቃሉ። ሲሄዱ መሄድ ብቻ። ማውራት ሲያምርዎ ተቀምጠው።»

ምናለ ወሬውን ለሰፈሩ አዳረሰ። ወይ የሰፈር ሰው! «ሲሄዱ አታናግሯቸው» የሚለውን ሰምቶ፣ «ተቀምጠው» የሚለውን የት እንደጣለው እንጃ። አያ ደርበው ብቅ ሲሉ ታቦት እንዳለፈ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ጎንበስ ይላል። የሚያወራ ቢኖር «እግርዎ እንዴት ነው?» ብሎ ፈጠን ይላል። ሰባት ቤት የሚያስቆጥረውም ብልባላ የሚባል ሌላ ቀበሌ ያሉ ሽማግሌ ዘንድ ይሄድ ጀመር፤ ከሰባቱ ሦስቱን የሚረሱ ናቸው። ሁሉም ያደረገው በአክብሮት ነው።

ምናለም ከሁሉ ብሶ ጸጥ አለ። ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ወረዱ፤ የሚሰማው የአያ ደርበው ምርኩዝ ብቻ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ቁልቁለቱ መሐል ዝምታው አንጀቱን በላው።

«አያ፣ ልጄ ፋናና የብልባላው ቃለሕይወት ይዛመዱ ይሆን?»

ፊታቸው ቦግ አለ። «ማ? ቃለሕይወት የደሳለ? ደሳለ የከፋለ፣ ከፋለ የወልደ ትንሣኤ፣ ወልደ ትንሣኤ...» አሉ፤ ድምፃቸው የድሮው ነው። አምስተኛው ቤት ላይ እግራቸው ቆመ፣ ሰውነታቸው ወደፊት ሄደ። ምናለ እጁን የዘረጋው ከወደቁ በኋላ ነው።

ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ከመደባቸው አልወረዱም፤ እንደማይወርዱም ተነገራቸው። ምናለ በየቀኑ ይመጣል፣ ራስጌያቸው ይቆማል፣ ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ይወጣል። አንድ ወር እንዲህ ከተብከነከነ በኋላ ተንበረከከ።

«አያ፣ ይማሩኝ። የፋና ሰባት ቤት ያኔ ተቆጥሮ አልቆ ነበር። ብልባላ ሄጄ አስቆጥሬ፣ የሠርጉም ቀን ተቆርጦ ነበር። ያንን ጥያቄ ቁልቁለቱ ላይ በከንቱ ነው የጠየቅሁዎ።»

«አውቃለሁ» አሉ አያ ደርበው።

«ያውቃሉ?»

«ብልባላ የሄድህ ዕለት ማታውኑ ሰምቻለሁ። እኔን ትተህ መሄድህ አሳዝኖኛል፣ ምን እደብቅሃለሁ። ግን ሐኪሙ ካየኝ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እግሬን ነው። አንተ ብቻ እኔን ጠየቅኸኝ። እየሸነገልኸኝ እንደሆነ እያወቅሁ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ እግሬን ረሳሁት።»

ምናለ ድንጋይ ሲጠርብ የሻከረ መዳፉን ፊቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ያ ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው፤ ግራና ቀኙ ለመቀመጫ የተበጀ ይመስላል።

«ምነው አንዱ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጠይቄዎ በነበር፣ አያ!»

አያ ደርበው የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ።

«እቀመጥልህ ነበር» አሉት።