ዋስ የሌላት ፕሮግራመር

በየከተማው ያለ ዋስ ጥላ እንኳ የማያውስ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለከሚሴዎች የደረሱን ግን የሁሉም አውራ ናቸው፦ ክቡር ሐጂ ሙሄ፣ የእህል ነጋዴ፣ የሦስት መጋዘን ጌታ።

ሐጂ ግንበኛ ሲቀጥሩ ዋስ ይጠይቃሉ፤ ዋሱ ሲመጣ ደግሞ የዋሱን ዋስ። ባጃጅ ሲሳፈሩ የሾፌሩን አባት ስም ሳይጠይቁ እግራቸውን አያስገቡም። ልጃቸውን የዳሩ ዕለት ሚዜዎቹን በር ላይ አስቁመው "ከእናንተ ውስጥ የራሱ ቤት ያለው ማነው?" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል።

እንግዲህ ፕሮግራም ሊያሠሩ የተነሡት እኚህ ሰው ናቸው። ስማርት ስልክ በገባ ሰሞን፣ ከጨፋ ሮቢት የሚመጣው ማሽላ በየመጋዘኑ ምን ያህል እንደቀረ በስልካቸው ማየት አማራቸው። እኔም አርፌ መቀመጥ ሲገባኝ ሱዓድን አገናኘኋቸው። ሱዓድ ከእናቷ ጋር ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሥራ ያጣች ልጅ ናት። ይህም ካልተሳካ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥታለች።

ውሉን ራሷ ጽፋ አቀረበች፦ ሲሶው ክፍያ ሲጀመር፣ ሲሶው መሀል ላይ፣ የቀረው ሲያልቅ። ሐጂ መነጽራቸውን አጥልቀው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"ይህ ሁሉ ጽሑፍ ምን ያደርጋል ልጄ? ሰው ተማምኖ ነው የሚሠራው" አሉ። ከዚያ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ "ዋስሽ ማነው?"

"የለኝም ሐጂ።"

"እንግዲያው ቅድሚያ ክፍያ የለም። እኔ በሬም ቢሆን ጠምጄ ሳምንት ካረስኩበት በኋላ ነው የምገዛው።"

"ማሳዎ ታርሶ ካለቀ በሬውን ምን ያደርጉታል?"

ለሐጂ ሙሄ እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

"ቅድሚያው ለምንሽ ነው?"

"ላፕቶፔ ተበላሽቷል። እሱን ሳላሠራ መጀመር አልችልም።"

"ዋስ ፈልጊያ።"

ቤት ለቤት አብሬያት ዞርኩ። ለዋስነት የሚበቃ ቤት ያላቸው ሁሉ እምቢ አሉ። ባለሱቁ ቃሲም "ፍየል ብትሆን እሺ፣ ብትጠፋ ፍየል እተካለሁ። ፕሮግራም ቢጠፋ ምን ልተካ ነው?" አለን።

ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ውሉን ሊያስሩ ከሐጂ መጋዘኖች በአንዱ ደጃፍ ተቀመጡ። ሱዓድ ብቻዋን ቀረበች።

"ዋስ አላገኘሁም" አለች። "አትቀየሙኝ፣ የጉዞዬን ነገር ልጨርስ። ሳውዲ ዋስ አይጠይቁኝም።"

ሐጂ ሙሄ ከአሠሪው ወንበር ተነሡ፤ ተሻግረው ከሱዓድ ጎን ተቀመጡ።

"ዋሷ እኔ ነኝ።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ሽማግሌዎቹም ተያዩ። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሼህ አደም ጎንበስ ብለው፦

"ሙሄ፣ ጤና ነህ? አሠሪው አንተ፣ ዋሱም አንተ?"

"ምን አለበት? ቤት የለኝም?"

"ልጅቱ ገንዘቡን ይዛ ብትጠፋስ ማንን ልትይዝ ነው?"

"ሙሄን" አሉ ሐጂ። "አውቀዋለሁ። ወላሂ አይክድም።"

ሼህ አደም እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ለውሉም፣ ለማሽላውም፣ ለላፕቶፑም ተደረገ። እኔ ጮክ ብዬ አሚን ያልኩት ለሐጂ ሙሄ ዕድሜ ሲደረግ ነው።