ታንኳይቱን ወደ ፀሐይ!

[ባቢሎን፣ የኤፍራጥስ ዳር፤ ቀትር ሊሞላ ነው። ጡብ ሠሪው ላባሺና ጎረቤቱ ኡባር ትኩስ ዝፍት የተለቀለቀች ትንሽ የመቃ ታንኳ ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ። ማዶ ያለችውን ካሳያን ሁለቱም ለሚስትነት ይፈልጓታል፤ አባቷ «ቀትር ሳይሞላ ቀድሞ ለደረሰ ልጄን እድራለሁ» ብሏል። ታንኳይቱ የምትይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው።]

ላባሺ፦ ወደ ፀሐይ! ወደ ፀሐይ ጎትት እንጂ!

ኡባር፦ ጥላው አይሻልም?

ላባሺ፦ ጡብ በምን ይደርቃል?

ኡባር፦ በፀሐይ።

ላባሺ፦ ዝፍትስ?

ኡባር፦ ዝፍት ጡብ ነው እንዴ?

ላባሺ፦ ኧረ በፀሐይ አምላክ በሻማሽ! ዕድሜ ልኬን ጡብ ሳደርቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፀሐይ ያላደረቀው ያንተን ጭንቅላት ብቻ ነው፤ እሱ ሲወለድም ደረቅ ነበር።

ኡባር፦ እሺ፣ ውስጡን ለምን ቀባነው? ውሃው ያለው ውጭ አይደል?

ላባሺ፦ ውሃው «ልግባ ወይ?» ብሎ ያስፈቅድሃል?

ኡባር፦ [ታንኳይቱን ፀሐይ ላይ ካወጧት በኋላ ዝፍቱን በጣቱ ነካ አድርጎ] ይለጠፋል።

ላባሺ፦ እጅህ አልቦት ነው።

ኡባር፦ [በሌላኛው እጁ] ይሄም ይለጠፋል።

ላባሺ፦ እሱስ ያንተው እጅ አይደል!

ኡባር፦ ታዲያ ማን ይግባ?

ላባሺ፦ አዲስ ታንኳ የሚፈትነው አዋቂ ሰው ነው። አንተ ብትሰምጥ እናትህን ምን እላታለሁ? ታንኳይቱ ደህና መሆኗን አይቼ እመለስልሃለሁ።

ኡባር፦ ካሳያስ?

ላባሺ፦ እሷም ደህና መሆኗን አያለሁ።

ኡባር፦ በል ግባ። ደልደል ብለህ ተቀመጥ።

ላባሺ፦ [የክት ቀሚሱን ሰብስቦ ይቀመጣል] አየህ? አሁን ግፋኝ! ... ቆይ፣ ቆይ። ዝፍቱ ቀሚሴን ያዘው።

ኡባር፦ ተነሣ።

ላባሺ፦ በምኔ ልነሣ? እጄንም ያዘው! ይሄ ነገር ጭራሽ እየቀለጠ ነው!

ኡባር፦ ትንሽ ፀሐይ አንሶት ይሆናል።

ላባሺ፦ አትቀልድ! ጎትተኝ!

ኡባር፦ ቀሚስህን ትተህ ውጣ።

ላባሺ፦ ራቁቴን ሚስት ልጠይቅ?

ኡባር፦ [ወንዙ ዳር ከበቀለው መቃ መሃል የተነፋ የፍየል አቁማዳ ያወጣል] እንግዲያው ደህና ዋል። እኔ በዚህ ተንሳፍፌ እሻገራለሁ።

ላባሺ፦ አንተ ጅል! ዝፍት በፀሐይ እንደሚቀልጥ ታውቅ ነበር?

ኡባር፦ እኔ ከየት አውቄ? ካሳያ ናት የነገረችኝ። አባቷ ዝፍት አቅላጭ አይደል? «ጥላው አይሻልም ወይ በለው፤ ያኔ ፀሐይ ላይ ያወጣታል» አለችኝ።

ላባሺ፦ ለኔስ ምነው ሳትነግረኝ?

ኡባር፦ [ውሃው ውስጥ እየገባ] ምን ታድርግ? ልትነግርህ አፏን በከፈተች ቁጥር ስለ ጡብ ታስረዳታለህ።