በረዶ የጣለበት የጅሬን ቤተ መንግሥት

የገና ነገር ይገርመኛል። በእኛ አገር ገና የሚገባው ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ ቡና በየማድረቂያ አልጋው ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ አቧራው ባጃጁን ተከትሎ ሲሮጥ ነው። እኛ ግን በረዶ ካልጣለ በዓል አይመስለንም። ሰማዩ እምቢ ሲለን በየሱቁ መስኮት ጥጥ እንበትናለን። ምን ይደረግ፣ ሰው የሌለውን ይወዳል።

ጅማ መርካቶ፣ ከልብስ ስፌት ቤቴ ጎን ፎቶ ቤት የነበረው ተስፋዬ ደግሞ ከሁላችንም ባሰ። በዓል በመጣ ቁጥር ደንበኞቹን የሚያቆማቸው የባሕር ማዶ ፏፏቴ የተሣለበት ሸራ ፊት ነበር። አንድ ዓመት ግን፣ የንጉሥ መናገሻ በነበረች ከተማ ተቀምጠን የሰው አገር ውሃ ምን በወጣን አለና የጅሬንን ቤተ መንግሥት በትልቅ ሸራ ላይ ራሱ ሣለው። ሰገነቱን አሳመረ፣ ባለቀለም አምፖል ዙሪያውን ደረደረ፣ ኮከብ ሰቀለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ጣሪያው ላይ በረዶ ከመረበት።

ሰፈሩ ሳቀበት። አንዱ ኖራ ነው ይላል፣ ሌላው የጤፍ ዱቄት ነው ይላል፤ ሊነሳ የገባው ሁሉ እየሳቀ ይወጣል። የገና ሰሞን ካመለጠው ፎቶ ቤቱን መዝጋቱ ነበር። በመጨረሻ ተሸነፈና ፏፏቴውን መልሶ ሊሰቅል መሰላል ላይ ወጣ። እኔ መሰላሉን ይዤለት ሳለ ሐጂ ኑረዲንና ባለቤታቸው እማማ ሐሊማ ገቡ። ለገበያ ከአጋሮ መምጣታቸው ነው። ሐጂ በቡና ንግድ የታወቁ፣ በሳቅ ግን የማይታሙ ሰው ናቸው።

እማማ ሐሊማ አብረው የተነሱት አንድ ፎቶ እንኳ እንደሌላቸው ነገሩን። ሐጂ ዘመናቸውን ሁሉ "ምን ያደርጋል" ሲሉ ኖረው፣ እሺ ያሉት ያን ቀን ነው። ተስፋዬ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብሎ በረዶው ፊት አቆማቸው። በመካከላቸው የተዉት ክፍተት ሌላ ሁለት ሰው ያስገባል። ጠጋ እንዲሉ ቢለመኑ ሐጂ ንቅንቅ አላሉም፤ ይልቅ ያ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁ። ተስፋዬ አንገቱን ደፍቶ በረዶ መሆኑን ነገራቸው።

እማማ ሐሊማ ሻሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "እንግዲያው ጠጋ ይበሉ እንጂ ሐጂ፤ በብርድ ልሙት?" አሉ።

ሐጂ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ተስፋዬም ቀጭ አደረገ።

ፎቶውን አስፈቅዶ መስኮቱ ላይ በሰቀለው ማግስት፣ "ሐጂ ሳቁ" የሚለው ወሬ አጋሮ ደርሶ ተመለሰ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በረዶው ፊት ለመነሳት ተሰለፈ።

እማማ ሐሊማ ፎቷቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሁለት እንዲታጠብላቸው አዘዙ። አንዱ ለግድግዳ ነው። ሁለተኛው ለምን እንደሆነ ተስፋዬ ቢጠይቃቸው፣ ፈገግ ብለው መለሱለት፦

"ለሳጥኔ ነው ኢልማኮ፣ ልጄ። ነገ ሐጂ የግድግዳውን አውርደው 'አልሳቅሁም' ቢሉኝ፣ ማስረጃ አያሻኝም?"