ያለ ምክንያት የተጠጣ ኮሶ

ጉልበት የሚጠይቅ ነገር በመጣ ቁጥር የሚታመም ሰው የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ሌላው ሰፈር "ወገቤን" ይል ይሆናል። የእኛ ሰፈር፣ የሓድነቱ፣ ክቡር አቶ ሕሉፍ ግን ባለ ኮሶ ናቸው።

እኔ ኸድር እባላለሁ። ከወሎ መጥቼ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ሰልባጅ ልብስ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር ስምንት ዓመቴ ነው።

መቼም ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠራም፣ አይጠየቅም፣ በሩም አይንኳኳም፤ የአባቶች ወግ ነው። ይህን ወግ እንደ አቶ ሕሉፍ ያከበረ ሰው አላየሁም። የእድር ድንኳን ሊተከል ነው? "ኮሶ ጠጥቻለሁ።" የሰፈር ቦይ ይጠረግ ተባለ? "ኮሶ!" የባለቤታቸው የወይዘሮ ለተንሳኤ ወንድም ቤት ሲቀይርና ቁምሳጥን አንሱ ሲባሉማ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ጠጡ። ጾም ካልሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ ስተው አያውቁም፤ ታዲያ ማን ይጠርጥራቸው? "ኸድር ሓወይ" ይሉኛል፣ ወንድሜ ለማለት፣ ሆዳቸውን እያሻሹ፣ "ጥሬ የሚበላ ኮሶ ይጠጣል። ሕጉ ነው!"

ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ለተንሳኤ የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲግራት ሄደዋል። ከገበያ ስመለስ የአቶ ሕሉፍ በር ዝግ ነው።

"አያ ሕሉፍ፣ ደህና ዋሉ?"

"ኮሶ ጠጥቻለሁ" አሉ ከውስጥ።

እሺ ብዬ ወደ ክፍሌ ልገባ ስል ቆም አልኩ። ለቅሶ የለም። ስብሰባ የለም። የሚነሳ ቁምሳጥን የለም። ሰውዬው ከምን ሊሸሹ ነው የጠጡት? ወላሂ፣ ክው አልኩ!

ወጉን ጥሼ በሩን ገፋሁት። ሆዳቸውን ይዘው አልጋው ላይ እጥፍ ብለዋል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ከንፈራቸው ደርቋል።

"ውጣ በጃኻ! ኮሶ ነው አልኩህ እኮ!"

"አብሽሩ አያ ሕሉፍ" አልኩና ደግፌ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋቸው።

ክሊኒክ ሰገራቸው ተመረመረ። የኮሶ ትል ነው፤ ከዚያ ከሚወዱት ጥሬ ሥጋ የመጣ። ነርሷ ክኒኑን ከመስጠቷ በፊት፣ "ባህላዊውን ኮሶ ዛሬ ጠጥተዋል እንዴ? እንዳይደራረብብዎት" አለቻቸው።

አቶ ሕሉፍ እኔን አዩኝ። ቀጥሎ ጣሪያውን አዩ።

"አልጠጣሁም።"

"መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?"

የግንባራቸውን ላብ በመዳፋቸው ጠረጉ።

"ልጅ ሆኜ እናቴ አስጠጥታኝ ነበር" አሉ። "ተፋሁት።"

ስምንት ዓመት ሙሉ በእሳቸው ፈንታ ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ እኮ! ለመናደድ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እጄን እንደ ያዙ ነበር፤ እኔም በሩን ከገፋሁበት ጊዜ ጀምሮ የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይሞቱብኝ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሳለሁ ከጓሮው ሽንት ቤት ግቢውን የሚያናውጥ ጩኸት ተሰማ።

"ኸድር! ሓወይ! ወጣ! ና እይልኝ!"

እንዲህ ላለ ጉዳይ የእናቴ ልጅ አብዱልወዱድ ቢጠራኝ አልሄድም። ቁርሴን ትቼ ሄድኩ። አጎንብሼም አየሁላቸው።