ጊታሬና የአማቼ ጆሮ

ጊታር መማር ለጀመረ ሰው ጎረቤት ከመሆን ለወፍጮ ቤት ጎረቤት መሆን ይሻላል፤ ወፍጮ ቢያንስ ዱቄት ይሰጣል። ይህን ያሉት ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ያከራዩኝ እትዬ ጥሩዓለም ናቸው። ጊታር ተማሪው እኔ ነኝ።

ነገሩ የመጣው በስመኝ ነው። ስመኝ ቡሬ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ እኔ ደግሞ የደሴ ልጅ፣ የፍኖተ ሰላም የጂኦግራፊ መምህር፣ እሷን ለማግባት የቆረጥኩ ሰው። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ጊታር የሚጫወት ጎረምሳ አይታ «ደስ ሲል!» አለች። ጊታሩን ይሁን ጎረምሳውን አልጠየቅኳትም። ብልህ ሰው ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን በሳምንቱ ከባሕር ዳር ጊታር አስመጣሁ።

ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ማለት ይህ ነው። አስተማሪዬ ስልኬ ውስጥ ያለ ጸጉረ ረጅም ፈረንጅ ነበር። ሁልጊዜ ፈገግ ብሎ «በጣም ቀላል ነው» ይላል። ውሸታም! ኤፍ የሚሉትን ኮርድ ሲይዝ ጣቶቹ ያለ ጥሪ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። የእኔዎቹ ግን የቀበሌ ስብሰባ የተጠሩ ይመስል አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። የጣቶቼ ጫፍ ቆስሎ ጠመኔ መጨበጥ ሲያቅተኝ እትዬ ጥሩዓለም አዝነው ጠበል ሊወስዱኝ ፈለጉ። ለጣቴ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ለጭንቅላቴ ኖሯል።

እንዲህ እየተንጫጫሁ ሳለ ሽማግሌዎቼ ወደ ስመኝ አባት ሄዱ። አያ ተገኘ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ፣ በበቆሏቸውና በዘራቸው የሚኮሩ ገበሬ ናቸው። በደንቡ መሠረት «ዘሩን አጣርተን እንመልሳለን» ብለው ሸኟቸው። ዘር ማጣራት ማለት እስከ ሰባት ቤት አያት ቅድመ አያትን መቁጠር ነው። ለደሴ ልጅ እዚህ አገር ማን ይቆጥርለታል?

የሚቆጥርልኝ ባይገኝ የሚያወራብኝ አልጠፋም። በእትዬ ጥሩዓለም ደጅ ያለፈ አንድ ገበያተኛ የሰማውን ይዞ ገጠር ገባ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? ሰውየው ሐሳብ አልጨመረም፤ አገር ጨመረ። እኔ ከወሎ የመጣሁ፣ በየጠላ ቤቱ የምዞር፣ ከአባት ከአያቴ የወረስኩ አዝማሪ ሆኜ አረፍኩ። አያ ተገኘም ለሽማግሌዎቼ «ልጄን ለአዝማሪ ዘር አልሰጥም» ብለው ላኩ።

ጉድ እኮ ነው! አዝማሪ ሲመጣ በደስታ ዘለው የሚነሱት፣ ግጥም እየሰጡ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፉት እነሱ፤ ልጅ ስጡ ሲባሉ ፊታቸውን የሚያጠቁሩት እነሱ። አዝማሪውን ይወዱታል፤ ግን እስከ በሩ ድረስ ብቻ። ተናደድኩ። ንዴቴን የምናገርበት መድረክ ግን አልነበረኝም፤ ስመኝ ደግሞ ማልቀስ ጀምራለች።

ሽማግሌዎቼ መምህርነቴን በመስቀል ቢምሉላቸውም አያ ተገኘ አልተበገሩም። በመጨረሻ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ዘር ከልጓም ይስባል። እንዳው እራሱ ይምጣና ያችን ነገሩን ፊቴ ይደርድራት። ጆሮዬ ያውቀዋል።»

ጊታሬን ታቅፌ ሄድኩ። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። ስመኝ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ እንዳለች አውቃለሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ጥሩ ብጫወት ሚስት አጣ ነበር። ያኔ ግን ይህ ትዝ ያለው ማን ነው? እኔ የታየኝ መጋረጃው ብቻ ነው። የተማርኩትን ሁሉ፣ ነፍሴን ጨምሬ፣ በሙሉ ልቤ መታሁት።

ትንሽ እንደቆየሁ የስመኝ አጎት «ተቀበል!» ብለው ብድግ አሉ። ተቀበል ሲባል ጨዋታ አዋቂው የተሰጠውን ግጥም ወዲያው በዜማ መመለስ አለበት። እሳቸውም፦

«ከቡሬ ማዶ ላይ እሸት ደርሷል አሉ፤
ጠባቂው ሲዘፍን ዝንጀሮዎች በሉ።»

ልቀበል ተነሣሁ። «ከቡሬ ማዶ ላይ» አልኩና ኮርድ ልቀይር ጣቶቼን ሰበሰብኩ። ሰው ጠበቀ። አንዲት ሴትዮ ልጇን አባብላ አስተኛች። እኔ ገና «እሸት» ላይ አልደረስኩም። ስደርስም ድምፄ ወደ አንድ በኩል፣ ጊታሩ ወደ ሌላ በኩል ሄዱ። ከመጋረጃው ኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ያቺ ሳቅ የማን እንደሆነች አልነግራችሁም፤ ዛሬም አብራኝ ትኖራለች።

አያ ተገኘ እጃቸውን አነሱ። «በቃ ልጄ፣ በቃ! እግዜር ይማርህ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቼ ዞረው፣ «የአዝማሪ ዘርስ አይዶለም። እንኳን አባቱ፣ ከሰባት ቤት ወዲያ አንድ አዝማሪ ቢኖረው እንዲህ አያረጋትም ነበር። ንጹሕ ጨዋ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሰው ሁሉ ጉልበት ስሜ እንድመረቅ ገፋፋኝ፤ እኔ ደግሞ ደስ ይበለኝ ወይስ ልቀየም ሳላውቅ ጎንበስ አልኩ። የአንድን ሰው የወራት ድካም የጨዋነት ማስረጃ አድርጎ መቀበል ስድብ ካልሆነ፣ ስድብ የሚባል ነገር የለም። ስመኝን ግን አገኘሁ፤ የቀረው ይቅር ብዬ ተውኩት።

ምርቃቱ አልቆ ሁላችንም እንደተቀመጥን የሠርጉ ጉዳይ ተነሣ። አማቼ ስለ ዳሱም፣ ስለ ጠላውም፣ ስለሚታረደው በሬም ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠርገው በጭንቀት የጠየቁት ምን ይመስላችኋል?

«ለመሆኑ፣ ደኅና አዝማሪ ከወዴት እናምጣ?»